ከቪጂኤ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚል ተራ ገመድ እንዳትገዙ

ኮምፒውተራችሁን ከቲቪ ልታገናኙ አስባችሁ ገመድ ልትገዙ ከሆነ፣ እባካችሁ መጀመሪያ ይህን አንብቡ። እኔ ተሸውጃለሁ። የእናንተም ገንዘብ በዚሁ መንገድ እንዲበላ አልፈልግም።

ላፕቶፔ አሮጌ ነው። ያለው የምስል መውጫ ቪጂኤ ብቻ ነው፤ ያ ሰማያዊው፣ 15 ቀዳዳ ያለው። ቲቪው ደግሞ ኤችዲኤምአይ ብቻ ይቀበላል። ሻጩን ስጠይቀው አንድ ገመድ አወጣልኝ፤ በአንዱ ጫፍ ባለ ሁለት ብሎን የቪጂኤ ሶኬት፣ በሌላው ጫፍ ኤችዲኤምአይ። መሃሉ ላይ ምንም የለም፣ ሽቦ ብቻ። «ሰክተህ ማየት ነው» አለኝ። አምኜው ገዛሁ።

እናቴ የእህቴን የምረቃ ቪዲዮ በትልቁ ስክሪን ልታይ ተዘጋጅታ ተቀምጣለች። ሰካሁት። «ኖ ሲግናል» አለ። የቲቪውን መግቢያ ቀያየርኩ፣ ላፕቶፑን አጥፍቼ አበራሁ፣ ድራይቨሩን እንደ አዲስ ጫንኩ። ያው ነው። በማግስቱ ሻጩ ጋ ስመለስ «ገመዱ ኦርጅናል ነው፣ ችግሩ ያንተ ቲቪ ነው» አለኝ። ደህናውን ቲቪ ተሸክሜ ጥገና ልወስድ ትንሽ ነበር የቀረኝ። እስካሁን የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

ቲቪው ምንም አልሆነም። ቪጂኤ በ1987 የመጣ የአናሎግ ቴክኖሎጂ ነው፤ ምስሉን ከፍ ዝቅ በሚል ኤሌክትሪክ ይልካል። ኤችዲኤምአይ ግን ዲጂታል ነው፤ የሚያውቀው ዜሮና አንድን ነው። አንዱን ወደ ሌላው የሚተረጉም ቺፕ መሃል ላይ ከሌለ፣ የፈለገውን ያህል ጥሩ ሽቦ ቢሆን ተራ ላፕቶፕንና ተራ ቲቪን አያግባባም። ቺፑ ደግሞ ኃይል ይፈልጋል። ስለዚህ ትክክለኛው ኮንቨርተር ትንሽ ሳጥን ነገር አለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ ጭራም አለው። ቪጂኤ ድምፅ ስለማያስተላልፍ ብዙዎቹ ለብቻው የድምፅ መሰኪያ ይጨመርላቸዋል። ሳጥንም ጭራም የሌለው፣ ልሙጥ ገመድ ካያችሁ አትንኩት።

አቅጣጫውንም አረጋግጡ። ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይረው ሌላ ዕቃ ነው፣ ገልብጣችሁ ብትሰኩት አይሠራም። ከዲስፕሌይፖርት (ሌላው የኮምፒውተር የምስል መውጫ ዓይነት) ወደ ኤችዲኤምአይ የሚሄዱት ገመዶችም አብዛኞቹ እንዲሁ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ናቸው። ዩኤስቢ ሲ ያላቸው ላፕቶፖች ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ፤ ቀዳዳው ስላለ ብቻ ምስል ያወጣል ማለት አይደለም። አንዳንዱ ለቻርጅና ለፋይል ማስተላለፊያ ብቻ ነው። አዳፕተር ከመግዛታችሁ በፊት የላፕቶፑን ሞዴል ፈልጋችሁ አረጋግጡ።

«ወርቅ ቅብ ነው፣ ቀለሙን ያደምቀዋል» ብለው ውድ የኤችዲኤምአይ ገመድ ሊያሸክሟችሁ የሚሞክሩም አሉ። ውሸት ነው። ምስሉ ሳይቆራረጥ ከደረሰ ደርሷል፣ ውዱ ገመድ ቀለም አይጨምርበትም። ልዩነት የሚያመጣው የሚሸከመው የመረጃ መጠን ነው። 4ኬ የሚባለው በጣም ጥራት ያለው ምስል በሰከንድ 60 ጊዜ እንዲታደስ ከፈለጋችሁ በሰከንድ 18 ጊጋቢት የሚችል ገመድ ይበቃል፤ ማሸጊያው ላይ «ፕሪሚየም ሃይ ስፒድ» የሚለውን ማረጋገጫ ፈልጉ። ኮምፒውተሩም ቲቪውም ያንን መቻል አለባቸው፣ አለበለዚያ ትርፉ ወጪ ነው።

ደግሞ ብዙ ጊዜ ምንም መግዛት አያስፈልግም። ገመዱ ደህና ሆኖ ምስል እምቢ ካለ ዊንዶውስ ላይ የዊንዶውስ ቁልፍንና የ«P» ፊደልን አንድ ላይ ተጫኑና «ዱፕሊኬት» የሚለውን ምረጡ። የምስሉ ጠርዝ ከተቆረጠ ችግሩ የቲቪው ሴቲንግ ነው፤ የምስል መጠን የሚለው ውስጥ ገብታችሁ «ጀስት ስካን» ወይም «ስክሪን ፊት» አድርጉት። ጽሑፉ ከደበዘዘባችሁ ገመዱ የተሰካበትን የቲቪውን መግቢያ ስም «ፒሲ» ብላችሁ ቀይሩት፤ ብዙ ቲቪ ላይ ወዲያው ይጠራል።

እኔ በመጨረሻ ባለ ሳጥኑን ኮንቨርተር ገዛሁ። የዩኤስቢ ጭራውን ላፕቶፑ ላይ ስሰካ ትንሿ መብራት በራች፣ ምስሉም መጣ። እናቴ ቪዲዮውን ሁለቴ አየችው። የመጀመሪያውን ገመድ ግን ሻጩ «ተከፍቷል» ብሎ አልመልስም አለኝ። እንዲህ ዓይነት ገመድ ገዝታችሁ ገና ያልከፈታችሁ ካላችሁ፣ ማሸጊያውን ሳትቀድዱ ከነደረሰኙ ዛሬውኑ መልሱት።