«ቦዝ» ለጣና አስጎብኚ፦ ባለ 4 ገጹ ሃንድአውት ሲታይ

ባሕር ዳር ፎቶኮፒ ቤቶች ውስጥ ለአስጎብኚዎችና ለሆቴል እንግዳ ተቀባዮች ከሚሸጡት የእንግሊዝኛ ሃንድአውቶች አንዱ ሙሉ በሙሉ ስለ «ቦዝ» (both) ነው። ለአንድ ቃል 4 ገጽ በዛ የሚል አይጠፋም፤ እኛ ግን በዛ አንልም። «ሁለቱም» የምንላት ቃል ወደ እንግሊዝኛ ስትሻገር ብዙ ቦታ ታሰናክላለች።

የቃሉን ቦታ የሚያስረዳው ገጽ 2 እንከን የለውም። «አር» ወይም «ካን» ካለ «ቦዝ» ከኋላው ይገባል፦ «ዘይ አር ቦዝ ክሎዝድ»። ግሱ ብቻውን ከሆነ ይቀድመዋል፦ «ዘይ ቦዝ ክሎዝ አት ፋይቭ»። «ቦዝ ዘም» አይባልም፤ «ቦዝ ኦፍ ዘም» ነው።

ገጽ 3 ላይ አሉታው ተበላሽቷል፤ ይህ ቀላል ስሕተት አይደለም። በአማርኛ «ሁለቱም ይፈቅዳሉ» እንደምንለው «ሁለቱም አይፈቅዱም» እንላለን፤ «ሁለቱም» አትለወጥም። ጸሐፊው ይህንኑ ቃል በቃል ገልብጦ ስለ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ «ቦዝ ሞናስትሪስ ዶንት አላው ዊመን» ብሏል። ሁለቱም ገዳማት ሴት አይገባባቸውም። ይህን የሰማች እንግዳ ግን «ሁለቱ ባይሆኑም አንዱ ይፈቅዳል» ብላ ልትረዳው ትችላለች፤ ያን ሁሉ ውኃ አቋርጣ ዳጋ ወደብ ላይ ስትቀር ጥፋቱ የአስጎብኚው ነው። መባል ያለበት «ናይዘር ሞናስትሪ አላውስ ዊመን» ነው። ስሙ ነጠላ፣ ግሱም ነጠላ፤ «ናይዘር» ራሱ አሉታ ስለሆነ «ኖት» አይጨመርበትም።

ዋጋ ላይ ሃንድአውቱ ምንም አይልም፤ ጀልባ ለሚያከራይ ሰው ግን ዋናው ይኼ ነበር። ሁለት ጀልባ በየራሱ 3,000 ብር ከሆነና «ስሪ ታውዘንድ ፎር ቦዝ» ካላችሁ፣ እንግዳው የሚሰማው «ሁለቱም በድምሩ 3,000» ብሎ ነው። ግማሹ ሂሳብ ቀረ ማለት ነው። «ለእያንዳንዱ» ለማለት «ስሪ ታውዘንድ ኢች» በሉ።

«ቦዝ … ኤንድ» ላይ አማርኛው ራሱ ይረዳ ነበር፤ ጸሐፊው አላስተዋለውም። «በዘጌም በደቅም» ስንል «በ» ሁለት ጊዜ ትመጣለች። እንግሊዝኛውም «ቦዝ ኢን ዘጌ ኤንድ ኢን ደቅ» ይሆናል። «ኢን» አንዴ ብቻ እንድትሆን ከተፈለገ ከ«ቦዝ» በፊት ትውጣ፦ «ኢን ቦዝ ዘጌ ኤንድ ደቅ»። ሃንድአውቱ ላይ ያለው «ቦዝ ኢን ዘጌ ኤንድ ደቅ» አንድ እግሩ ያጠረ ነው።

አነባበቡን «ቦዝ» ብሎ በፊደላችን መጻፉ አያስወቅሰውም፤ እኛም ሌላ አላገኘንለትም። ነገር ግን መጨረሻዋ ድምፅ «ዝ» አይደለችም። የምላስ ጫፍ በላይኛውና በታችኛው ጥርስ መካከል ትወጣለች፣ ትንፋሽ ብቻ ያልፋል፣ ጉሮሮ አይንቀጠቀጥም። ጣት ጉሮሮ ላይ አድርጎ መሞከር ይበቃል። «ቦስ» ካላችሁ አለቃ፣ «ቦት» ካላችሁ ጀልባ ይሆናል፤ ጣና ዳር ቆሞ «ቦት» ያለ ሰው ደግሞ ጀልባ እየጠራ ነው የሚመስለው።

ከገዛችሁት ገጽ 4 ላይ መልመጃ 7ን በእስክሪብቶ ሰርዙት። ኡራ ኪዳነ ምሕረትን፣ አዝዋ ማርያምንና ናርጋ ሥላሴን ደርድሮ «ቦዝ» ይላል፤ ሦስት ሲሆኑ «ኦል ስሪ» ነው።