ኢንተርኔቱን ሰርቪስ ቤት ለማድረስ፦ በመብራት መስመር፣ በኬብል ወይስ በሪፒተር?

ደሴ ላይ ዋናው ቤት፣ ሰርቪሱና የመንገድ ዳር ሱቁ በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀሙበት ግቢ ብዙ ነው። ራውተሩ ሳሎን ሆኖ ኢንተርኔቱ ጓሮ ካልደረሰ፣ ከዋጋው በፊት የሚታየው የመብራቱ ዝርጋታ ነው።

ኢንተርኔቱን በመብራት ሽቦው ውስጥ የሚያስተላልፈው ፓወርላይን አዳፕተር በጥንድ ይሸጣል፤ አንዱ ራውተሩ አጠገብ፣ ሌላው ሰርቪስ ቤት ይሰካል። ግድግዳ መብሳት የለም፣ ለተከራይ ይመቻል። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው 600 ሜጋቢት ግን አያጓጓችሁ፤ ብዙዎቹ ባለ 600 የኬብል ቀዳዳቸው ባለ 100 ስለሆነ ከዚያ በላይ አያሳልፉም።

ሁልጊዜ በቀጥታ የግድግዳ ሶኬት ላይ ይሰካ። ማከፋፈያ፣ በተለይ ከኃይል መዋዠቅ የሚከላከለው ዓይነት፣ ሲግናሉን ይውጠዋል፤ ስታቢላይዘርና ዩፒኤስም እንደዚሁ። ርካሽ የስልክ ቻርጀር አጠገቡ ከተሰካ ይረብሸዋል።

ትልቁ ጣጣ ፌዝ፣ ማለትም ኃይል ተሸካሚው የመብራት መስመር፣ ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ ወፍጮ ወይም ብየዳ ያለበት ግቢ አብዛኛውን ጊዜ ባለ ሦስት ፌዝ ነው። ሁለቱ አዳፕተሮች በተለያየ ፌዝ ላይ ከዋሉ ፍጥነቱ ይወድቃል፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይገናኙም። ኤሌክትሪሺያን ብሬከር ሳጥኑ ላይ አንድ አንድ ፌዝ እያጠፋ የትኞቹ ሶኬቶች እንደሚሞቱ ይመዝግብላችሁ። ተለያይተው ከተገኙ ውድ አዳፕተር ከመግዛት ራውተሩን ወደ ትክክለኛው ፌዝ ሶኬት ማዛወር ይሻላል። ሙከራውም ብየዳው በሚሠራበት ሰዓት ይሁን፤ ማታ ጸጥ ሲል ሁሉም ጥሩ ይመስላል። ከሻጩ ጋር ካልሠራ እንደሚመልስ ተስማሙ። ጎረቤት በዚያው መስመር የሚጠቀም ከሆነ አዳፕተሮቹ ላይ ያለውን የማጣመሪያ ቁልፍ ተጭናችሁ የራሳችሁን የይለፍ ቃል ፍጠሩ።

ቤቱ የራሳችሁ ከሆነና መቆፈር ከተቻለ ግን ካት 6 የተባለውን የኔትወርክ ኬብል ግዙ፤ እስከ 100 ሜትር ፍጥነቱ አይወርድም። ጫፉን በምላጭ ፋቅ አድርጉት፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነውና ተውት። ከቤት ቤት በአየር አትወጥሩት፣ የክረምት መብረቅ መሣሪያውን ያቃጥላል፤ በቱቦ ቅበሩት፣ ከመብራት ሽቦም ቢያንስ 20 ሳንቲሜትር አርቁት።

የራውተሩን ዋይፋይ ተቀብሎ መልሶ የሚያሰራጨው ሪፒተር ርካሽ ነው፤ ለስልክ ብቻ ይበቃል። በዚያው ቻናል ተቀብሎ ስለሚያስተላልፍ ፍጥነቱን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ሲግናል በጠፋበት ክፍል ሳይሆን በመካከል ይቀመጥ።

መብራት ሲጠፋ ራውተሩ በትንሽ ባትሪ ቢቆይም ፓወርላይኑ ይሞታል። በኬብል የተገናኘ ላፕቶፕ ግን ሥራውን ይቀጥላል።