አባዬን በብርሃን ያከሙት ህክምና፣ እኛ እንዳየነው

አባዬ የሳንባ ካንሰር ሲገኝበት ቀዶ ጥገና አይሆንለትም ነው የተባልነው፣ ዕጢው ያለበት ቦታ አይመችም ልቡም አይችልም ብለው። ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት ሕክምና) እየወሰደ እያለ ዕጢው የቀኝ ሳንባውን የአየር ቧንቧ እየዘጋው መጣ፣ ደረቱ ያፏጫል፣ ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ነው የሚያድረው፣ ከመኝታው ሽንት ቤት እስኪደርስ ሦስቴ ያርፋል። ያኔ ነው ሐኪሙ ፎቶዳይናሚክ ቴራፒ የሚባለውን ያነሳልን። እዚህ ሜሪላንድ ነው ያሳከምነው፣ ብዙ ሰው ስለጠየቀኝ ልጻፈው።

መጀመሪያ ፎቶፍሪን የሚባል መድኃኒት በደም ሥር ይሰጣል፣ በኪሎ 2 ሚሊግራም፣ አባዬ 61 ኪሎ ስለሆነ 122 ሚሊግራም፣ 5 ደቂቃ ቢፈጅ ነው። መድኃኒቱ መላ ሰውነት ውስጥ ይገባል፣ ግን ከሌላው ቦታ ቶሎ ሲወጣ ዕጢው ላይ ይቆያል፣ ለዛ ነው ሁለት ቀን የሚያስጠብቁት። ከዛ በብሮንኮስኮፒ፣ ማለት ወደ ሳንባ በሚገባ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ፣ ብርሃን የሚያስተላልፍ ቀጭን ፋይበር አስገብተው ቀይ የሌዘር ብርሃን ያበሩበታል፣ የሞገድ ርዝመቱ 630 ናኖሜትር፣ 8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ። በሙቀት የሚያቃጥል እንዳይመስላችሁ፣ ብርሃኑ መድኃኒቱን ሲቀሰቅሰው እዛው ያለው ኦክስጅን ወደ መርዛማነት ይለወጥና ሴሉን ይገድለዋል። የሚያበራውን የፋይበር ጫፍ በአባዬ ዕጢ ርዝመት ልክ ነው የመረጡት፣ ስካኑን ከፍተው አሳዩን፣ እሱ በጣም ደስ ብሎኛል። አዲስ ሙከራም አይደለም፣ ኒውዮርክ ክፍለ ሀገር ቡፋሎ ከተማ፣ ሮዝዌል ፓርክ የሚባል የካንሰር ሆስፒታል ውስጥ ቶማስ ዶኸርቲ የሚባሉ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ የለፉበት ነው፣ ለሳንባ ካንሰር አሜሪካ የፈቀደችው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው።

ከብርሃኑ በኋላ ያሉት ሁለት ቀናት ግን ከባድ ናቸው። ቧንቧው ያብጣል፣ ትንፋሹ ባሰበት፣ እኔ ጭራሽ አበላሹት ብዬ አልቅሻለሁ። በሁለተኛው ቀን ተመልሰው ገብተው የሞተውን ሥጋ ጠርገው አወጡ፣ ያን ሌሊት አባዬ ጋደም ብሎ ተኛ! ስንት ወር ሙሉ ያላየሁት ነገር።

ቅሬታዬ ማብራሪያው ላይ ነው። ሆስፒታሉ ወረቀቱን በእንግሊዝኛ ሰጠን፣ በስልክ የመጣው አስተርጓሚም "ፀሐይ አይምታው" ብሎ ብቻ አለፈው። መድኃኒቱ ቆዳም ላይ ስለሚቆይ ቢያንስ 30 ቀን መጠንቀቅ አለ፣ አባዬ ደግሞ ጠዋት ፀሐይ ሳይሞቅ ቀኑ የማይጀምርለት ሰው ነው። እኛ ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ክሬም) ገዛን፣ ለካ አይሰራም፣ መድኃኒቱን የሚቀሰቅሰው በዓይን የሚታየው ብርሃን ስለሆነ። ከዛ ቤቱን ድፍን ጨለማ አድርገን ሳምንት አስቀመጥነው፣ ነርሷ ስትሰማ ደነገጠች፣ ለስለስ ያለ የቤት ውስጥ ብርሃን እኮ ቆዳው ላይ ያለውን መድኃኒት ቀስ በቀስ ያጠፋዋል፣ የሚጎዳው በመስኮት በቀጥታ የሚገባ ፀሐይ፣ ቅርብ ያለ ደማቅ አምፖል፣ የጥርስ ሐኪም መብራት ምናምን ነው አለችን። ውጪ ሲወጣ ነጠላ አይበቃም፣ ስስ ነው፣ ጋቢ፣ ጓንት፣ ኮፍያና ጥቁር መነጽር ነው ያለበስነው።

ከ30 ቀን በኋላ ሙከራ አለ፣ የወረቀት ከረጢት ትበሱና እጁን አስገብቶ ቀዳዳውን 10 ደቂቃ ፀሐይ ላይ፣ ከዛ 24 ሰዓት መጠበቅ። የአባዬ ቀላ፣ ሁለት ሳምንት ጨመርን፣ በሁለተኛው ምንም አልሆነም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብርሃኑ 1 ሴንቲሜትር እንኳ አይዘልቅም፣ ስለዚ ሌላ ቦታ የተዛመተውን አይነካም፣ አባዬም ኬሞውን ቀጥሏል። ዕጢው ትልቅ የደም ሥር ውስጥ የገባበት ሰው ደግሞ ደም ሊፈስ ስለሚችል አይሰጠውም፣ እሱን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ለትንፋሹ እኔ 5 ከ5 እሰጣለሁ፣ ለማብራሪያው 2። ወረቀቱን እኔው በአማርኛ ጽፌ ለነርሷ ሰጥቻታለሁ፣ ቀጥሎ ለሚመጣው ሐበሻ እንድትሰጥልኝ።