ለደሴው ጫማ ሰፊ ምስጋና፣ ለበረሃ ተጓዦች ጥቆማ

እግዜር ይስጥልን፣ አላህ ይስጥልን! በሁለቱም እንላለን፤ ቡድናችን የሁለቱም ነው። የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክን ገደል ወርደን ወጥተን፣ የፈንታሌን እሳተ ገሞራ ተራራ ወገብም ረግጠን ስንመለስ የአንዳችንም ጫማ አፉን አልከፈተም። ምስጋናው ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ሸራ ወጥረው ለሚሠሩ አንድ አባት ነው። ስማቸውን እንዳንለጥፍ ስለለመኑን አንለጥፍም። «የተራራ ጫማ የሚሰፉት አባት» ካላችሁ የሰፈሩ ልጆች ያደርሷችኋል።

ምሬቱን አስቀድመን እንተንፍሰው። ከዚህ በፊት ጫማ የምናሠራው ሌላ ከተማ፣ የመስታወት በር ያለው ቤት ነበር። ስሙ ይቅር። ዋጋው የአዲስ ጫማ ግማሽ፣ ሥራው ማስቲሽ ቀብቶ መጫንና በቀለም ማብለጭለጭ። ሲረከቡት ያምራል፤ ደሴ ብርድ ላይም አይለቅም። ቁልቁለቱ መሀል ላይ ግን ሶሉ ከፊት በኩል ተገነጠለ። ስንነግራቸው «ድንጋይ ላይ ሄዳችሁበት እኮ!» አሉን። የተራራ ጫማ ታዲያ ምን ላይ ሊሄድ ኖሯል?

የሚለቅበት ምክንያት ግልጽ ነው። ማስቲሽ ሙቀት አይችልም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የፓርኩ ሜዳ 1,000 ሜትር አካባቢ ነው። ከሰዓት አየሩ 35 ዲግሪ ሲያልፍ ፀሐይ የዋለበት ጥቁር ድንጋይ ከዚያ በላይ ይግላል፣ ማስቲሹም ይለሰልሳል። ቁልቁል ሲወረድ ደግሞ የሰውነት ክብደት በሙሉ ወደ ጣት ይገፋል። ስለዚህ ሶሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈተው ከጣት በኩል ነው። ይህን ቀለም አያድነውም፤ ስፌት ነው የሚያድነው።

እኚህ አባት አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ጫማ ተሸክመን ስንሄድ ዋጋ ከመናገራቸው በፊት «ድንጋዩ ስል ነው ድቡልቡል?» ብለው ጠየቁ። ማንም ሰፊ ጠይቆን የማያውቀው ጥያቄ ነው፤ ቁልፉ ግን እሱ ነው። ገደሉ ውስጥ ወንዙ ያለሰለሰው ድቡልቡል ድንጋይ አለ፣ እግር ያንሸራትታል። ፈንታሌ ግርጌ ያለው ጥቁር የቅልጥ ድንጋይ ደግሞ የጫማ ጎን እንደ መጋዝ ይበላል። «ሁለቱም» ስንላቸው ጫማዎቹን አንድ በአንድ አገላብጠው አዩ። ጫማውን አጥፈው ክፍተት ይፈልጋሉ። ቀጥሎ ከሶሉ በላይ ያለውን ስፖንጅ በአውራ ጣት ጥፍር ይጫኑታል። ከተፈረፈረ ወይም የጥፍሩ ምልክት ተሰርጉዶ ከቀረ ያ ጫማ አልቋል ማለት ነው፤ ቆዳው ምንም አዲስ ቢመስል። ሳጥን ውስጥ ለዓመታት የተቀመጠ ጫማ እንዲህ ይሆናል። እርጥበት ስፖንጁን ከውስጥ ይጨርሰዋል፣ መንገድ ላይ ደግሞ ሳይታሰብ ይበተናል።

ያልረሳነው ነገር እዚህ ላይ ነው። ከማዳበሪያው ውስጥ እንዲህ ያለቁ ነበሩ። ቢሰፏቸው ማን ያውቅባቸዋል? «ክሩ የሚይዘው ነገር የለውም፤ ገንዘባችሁን አልበላም» ብለው ለይተው መለሱልን። ከመካከላችን ሌላ መግዛት ለማይችለው ተማሪ ግን ከአሮጌ ጫማ የወጣ ጤነኛ ሶል ከነስፖንጁ ፈልገው ገጠሙለት፣ የእጅም አልተቀበሉ። «አብሽር፣ ትወጣዋለህ» ነው ያሉት። ወላሂ፣ የመስታወት በር እዚህ ምን ያደርጋል!

ስፌቱን ላስረዳ። የሶሉን ዙሪያ ጎድጎድ አድርገው ይቦረቡሩና በሰም የታሸ ናይለን ክር እዚያ ቦይ ውስጥ ያስገባሉ። ክሩ ከመሬት ስለማይነካ ድንጋይ አይቆርጠውም። ጣት ላይ ተጨማሪ ቆዳ ይደርባሉ። ውስጥ ገብቶ ትንሿን ጣት የሚፈትግ ስፌት ካለም ይቀጠቅጡታል፤ እኛ ሳንነግራቸው። አንድ እንከን አለው፦ የተሰፋ ጫማ ውሃ ያስገባል። ለአዋሽ ግን ችግር አይደለም፤ አዞ ስላለ ማንም ወንዙ ውስጥ መግባት የለበትም።

ሲሸኙን ከአሮጌ ከመነዳሪ ሦስት ጣት ስፋት ያላቸው ቀለበቶች ቆርጠው ሰጡን። ሶል መንገድ ላይ ቢለቅ ከጣት በኩል ሁለት ቀለበት አጥልቆ መሄድ ነው። ጫማን በገመድ ማሰር አይሆንም፤ ገመዱ ድንጋይ ላይ ወዲያው ይበጠሳል፣ ሲበጠስም ያደናቅፋል። አፋሮቹ በሰንደል ሲሮጡ አይታችሁ እንዳትቀኑ፤ የእነሱ እግር ሌላ ነው፣ የግራር እሾህ ደግሞ ስስ ሶል ይበሳል።

ወደ እሳቸው ስትሄዱ ጫማውን ታጥቦ በጥላ የደረቀ አድርጋችሁ ውሰዱ። ከሰል ዳር አታድርቁት፤ ቆዳው ይሰነጠቃል፣ ማስቲሹም ይለቃል። ከጉዞው ቢያንስ ከሳምንት በፊት ይሁን። ከተሰፋ በኋላ በምትጓዙበት ካልሲ የጦሳን ተራራ ወጥታችሁ ውረዱበት። የሚያቆስል ቦታ ካለ ደሴ ላይ ይታወቅ። ቁልቁለት ከመጀመራችሁ በፊት ማሰሪያውን ቁርጭምጭሚት ላይ አጥብቁ፤ ጣት ፊቱን ከነካ ጥፍር ይጠቁራል።

ጫማ ብቻውን አያወጣም፤ ሌላውንም በአጭሩ። ከፓርኩ ቢሮ ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) ሳትይዙ አትውረዱ። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች አካባቢ መሬቱ ተንቀጥቅጦ ተሰነጣጥቋል፤ የትኛው መንገድ ክፍት እንደሆነ እዚያው ጠይቁ። መነሻ ንጋት 12 ሰዓት፤ ከ4 እስከ 10 ሰዓት ጥላ ሥር። ለአንድ ሰው በቀን ከ4 እስከ 5 ሊትር ውሃ፣ ከእሱም ጋር ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጥ ጨውና ስኳር)፤ ብዙ ላብ ከወጣ በኋላ ውሃ ብቻ መጠጣት ያዞራል። ገደል እንደ ተራራ አይደለም፤ ከባዱ ዳገት ያለው መጨረሻ ላይ፣ ሙቀቱ ሲብስና ጉልበት ሲያልቅ ነው። ስለዚህ ውሃው ሲሶ ሲጎድል ተመለሱ። በክረምት ደረቅ ወንዝ ውስጥ አትደሩ፤ ላይኛው ደጋ ላይ የዘነበ ዝናብ እናንተ ጥርት ያለ ሰማይ እያያችሁ ጎርፍ ሆኖ ይመጣል።

ኮምቦልቻ ያላችሁ የሐረጎን ዳገት መውጣት አይታክታችሁ። ባቲና ከሚሴ ያላችሁም ጫማችሁን በሰው መላክ ትችላላችሁ፤ ብቻ የት እንደምትሄዱበት ጽፋችሁ ውስጡ ክተቱ፣ ማወቅ ይፈልጋሉ። እኚህን አባት ሥራ እናብዛላቸው። የሚያጣብቅ ሞልቷል፤ «ይሄ አይሠራም» ብሎ ጫማ የሚመልስ ግን የት ይገኛል? ሰኞ ገበያተኛው ስለሚበዛባቸው ሌላ ቀን ሂዱ። ሶሌታውን አውጥታችሁ ለብቻው ያዙት፤ እሱንም ያዩታል።