እቁብ፣ ባንክ ወይስ የሪል እስቴት ቅድመ ክፍያ? የሚከራይ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዛ ሰው

ሰሞኑን ስልኬ ሲጠራ ገና ሳላነሳው ጥያቄውን አውቀዋለሁ። «ቱሉ ዲምቱ ቤት ገዝተህ ታከራያለህ አሉ። ብሩን ከየት አመጣኸው?» አንዳንዱማ የሰረቅኩ አስመስሎ ነው የሚጠይቀኝ። ለስንቱ ደጋግሜ ላውራ? አንዴ ልጻፈውና ለደወለ ሁሉ ይኸንኑ ልላክለት።

ከወዲሁ ልናገር፤ እኔ የእቁብ ሰው ነኝ። ሦስቱንም ሞክሬያለሁ። በአንዱ ከሰርኩ፣ በአንዱ ደጅ ጠንቼ ባዶ እጄን ተመለስኩ፣ በአንዱ ቤት ገዛሁ። ሚዛናዊ ንጽጽር የሚፈልግ ሰው እኔ ጋ አያገኝም።

በከሰርኩበት ልጀምር፤ በሪል እስቴት ቅድመ ክፍያው። ጊዜው ጥር 2014 ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ የሚሠራ አፓርታማ፣ ባለ አንድ መኝታ፣ 2.9 ሚሊዮን ብር። ቅድሚያ 30 ፐርሰንት፣ የቀረው ግንባታው በደረሰበት ልክ፣ ርክክብ በ24 ወር። የአልሚው፣ ማለትም ሠርቶ የሚሸጠው ድርጅት፣ ቢሮ ውስጥ ማኪያቶ አቀረቡልኝ። በመስታወት ሳጥን የተቀመጠ የሕንፃውን ሞዴል አሳዩኝ፤ ትንንሽ የፕላስቲክ ዛፎች ሳይቀሩ ተተክለውበታል። ሳይቱን ልየው ስል «መንገዱ ጭቃ ነው፣ ሌላ ቀን እንወስድዎታለን» ተባልኩ። እሺ አልኩ። በጥር ምን ጭቃ አለ? ይህን ያሰብኩት 870,000 ብር ከፍዬ ታክሲ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው።

በ24ኛው ወር ሄጄ ሳየው ሁለት ፎቅ ቆሟል፤ ኮለኑ ላይ ፌሮው ዝጓል። ከዚያ ሐምሌ 22፣ 2016 መጣ። የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተደረገና 57 ብር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ብዙም ሳይቆይ «የዋጋ ማስተካከያ» የሚል ደብዳቤ ደረሰኝ። ውሉን አውጥቼ ሳነበው፣ የግንባታ ዕቃ ሲወደድ ዋጋው እንደሚጨመር ገጽ 11 ላይ በደቃቃ ፊደል ተጽፏል። የፈረምኩት እኔ ነኝ፤ ማንን ልክሰስ?

ተጨቃጭቀን የካቲት 2017 ላይ 10 ፐርሰንት ቀንሰው 783,000 ብር መለሱልኝ። ሰው «ደግነቱ ብርህን አገኘህ» ይለኛል። ስከፍል ዶላር በባንክ 50 ብር ገደማ ነበር። ሲመልሱልኝ ከ120 አልፏል። 17,400 ዶላር የሚያወጣ ገንዘብ ሰጥቼ 6,500 የማይሞላ ተቀበልኩ። ሁሉም አልሚ እንዲህ ነው አልልም፤ ቤታቸውን በቀኑ የተረከቡ ሰዎች አውቃለሁ። ግን ለጀማሪ ዋናው ነገር ሌላ ነው። ያልተሠራ ቤት ኪራይ አያስገባም። ሦስት ዓመት ሙሉ ያለ ወለድ ያበደርከው አንተ ነህ።

ባንክስ? መሃል ላይ፣ ሕንፃው እንደማይደርስ ሲገባኝ፣ የቤት ብድር ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ያየሁት ቱሉ ዲምቱ ያለ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ነው፣ 3.8 ሚሊዮን። ሰው «ባንክ 70 ፐርሰንት ይሰጣል፣ 30 ካለህ ይበቃል» ሲል ትሰማላችሁ። 70 ፐርሰንቱ የሚሰላው ግን ሻጩ በጠራው ዋጋ አይደለም፤ የባንኩ ኢንጂነር በገመተው ነው። የእኔን ቤት 2.9 ሚሊዮን ገመተው። ከዚያ ላይ 70 ፐርሰንት ማለት ወደ 2 ሚሊዮን ብር ነው። የቀረውን 1.8 ሚሊዮን ከኪሴ። ግማሽ ሊሞላ ምንም አልቀረውም።

ሁለት ሚሊዮኑ ራሱ በ17 ፐርሰንት ወለድ፣ በ15 ዓመት ሲከፈል በወር 30,780 ብር ይመጣል። ድምሩ 5.5 ሚሊዮን ያልፋል። ያን ቤት ያኔ ባከራየው የማገኘው በወር 15,000 ነበር። ግማሹን ዕዳ ተከራዩ ይከፍላል፣ ግማሹን እኔ፣ ለ15 ዓመት። «ኪራዩን እየጨመርኩ እሸፍናለሁ» ያለ የ2016ቱን የቤት ኪራይ አዋጅ ያንብብ። ውል ከሁለት ዓመት አያንስም፣ ቅድሚያ ከሁለት ወር ኪራይ በላይ መቀበል አይቻልም፣ ጭማሪውም እንደ ድሮው በአከራዩ ስሜት የሚወሰን አይደለም።

እሱንም እሺ ብዬ ነበር። ብድሩ «ተፈቅዷል ግን ይጠብቁ» ተባለ። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ባንኮች የሚሰጡት ብድር በዓመት ከ14 ፐርሰንት በላይ እንዳያድግ ገደብ ጥሎ ነበር፤ ጣሪያው በኋላ ቢላላም ያኔ ወረፋው ረጅም ነው። አምስት ወር ጠበቅኩ። ሻጩ ግን የእኔን ባንክ አይጠብቅም፤ ጥሬ ብር ለያዘ ሸጠው።

ለባንክም እውነቱን ልስጠው። ከሐምሌ 2016 በፊት በብር የተበደረ ሰው ዛሬ ፈገግ ብሎ ነው የሚከፍለው፤ ቤቱ ተወደደ፣ ዕዳው ባለበት ቆመ። ባንክ ውስጥ ስለምትሠራ በሠራተኛ ወለድ የምትበደር ሰው ደግሞ ይህን ጽሑፍ ዝጊና ሂጂ ተበደሪ። ቋሚ ደሞዝ ያለውም ለቤት ብድር ብሎ የተቋቋመውን ጎህ ቤቶች ባንክን ጨምሮ ሁለት ሦስት ቦታ ይጠይቅ። ብቻ ውሉ ላይ «ወለዱ ሊሻሻል ይችላል» የምትለዋን መስመር ፈልጓት።

አሁን ወደ እቁቤ። ሳሪስ ሱቅ ያለን ሰዎች ነን፣ 30 አባል፣ በወር 40,000 ብር። የሚወጣው 1.2 ሚሊዮን ነው። መስከረም 2017 ጀመርን። ዳኛው ጠንካራ ሰው ነው፤ ዕጣ የደረሰው ሁለት ዋስ አቅርቦና ለቀሪው ቼክ ፈርሞ ካልሆነ አንዲት ብር አይነካም። እነዚህ የሌሉበት እቁብ ውስጥ ገብታችሁ ሰው በልቶ ቢጠፋ እኔ የለሁበትም።

ዕጣ ቶሎ ካልወጣልህስ? ይገዛል። የካቲት ላይ በስድስተኛው ዙር የወጣለት ሰውዬ ገንዘቡ አላስቸኮለውም፤ 60,000 ብር ጨምሬለት ተራውን ለቀቀልኝ። እስከዚያ የከፈልኩት 240,000 ነው። ስለዚህ በእጄ የገባው የሰው ገንዘብ 960,000፣ የምከፍለው በ24 ወር። ይህንኑ ገንዘብ ባንክ በ17 ፐርሰንት ለ24 ወር ቢሰጠኝ ወለዱ ብቻ 179,000 ይሆን ነበር። እኔ 60,000 ከፈልኩ፤ ኢንጂነር አልመጣ፣ ግምት የለ፣ ወረፋ የለ።

ጉድለቱን አልደብቅም። በወር 40,000 ከኪራይ አይወጣም፣ ከሱቁ ነው። ሌላ ገቢ የሌለው ሰው በዚህ ልክ እቁብ አይግባ። መጨረሻ ላይ የሚደርሰው ደግሞ ብሩ ዋጋ አጥቶ ነው የሚቀበለው፤ ለዚህ ነው ዕጣ መግዣ ቀድሞ መያዝ ያለበት።

በዚያ 1.2 ሚሊዮንና ከአልሚው በተረፈችኝ 783,000 ቱሉ ዲምቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ የኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ ገዛሁ፣ 1.75 ሚሊዮን። ደላላው 2 ፐርሰንት፣ ቴምብር ቀረጥ 2 ፐርሰንት፣ ስም ማዛወሪያው ለብቻው። በወር 9,000 ተከራይቷል። በዓመት ሲሰላ ከ6 ፐርሰንት ትንሽ ያልፋል፤ ባንክ ቢቀመጥ 7 ያገኝ ነበር። አዎ፣ አስቤዋለሁ። ባንክ ያለው ብር ግን ሐምሌ 22 ሲመጣ ያው ብር ነው።

«የገበሬ መሬት በ500,000 አገኘሁ» የምትሉኝ አላችሁ። መልሴ አጭር ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም። የካቲት 2011 ለገጣፎ ላይ ሕገ ወጥ ተብለው የፈረሱት ቤቶች ውስጥም በመንደር ውል ብሩን ከፍሎ የገባ ሰው ነበር። የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ ፍርድ ቤት ወይም ውልና ማስረጃ ፊት ካልተደረገ አይጸናም፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 ነው።

ካርታ ያለውም ቢሆን ካርታው ይመርመር። ከስቱዲዮው በፊት ደላላ አንድ ቤት አሳይቶኝ ነበር፣ ከገበያው 300,000 የረከሰ። ካርታው በፕላስቲክ ተለብዶ፣ ማኅተሙ ደምቆ ያምራል። ክፍለ ከተማ ይዤው ሄድኩ። ልጅቷ ፋይሉን አወጣች፣ ቁጥሩን አየች፣ እኔን አየች። «ይሄ ቁጥር እኮ የሌላ ሰው ቤት ነው» አለችኝ። ደላላው ውጭ ይጠብቀኝ ነበር፤ ስወጣ የለም። ስልኩ እስከ ዛሬ ዝግ ነው።

በውክልና የሚሸጥላችሁም ካለ ተጠንቀቁ። ወካዩ ከሞተ ውክልናው አብሮ ይሞታል፤ ከዚያ ከወራሾች ጋር ነው ክርክሩ። የኮንዶሚኒየም ሻጭ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የባንክ ዕዳ ይኖርበታል። እኔ የዕዳውን ልክ ከዋጋው ቀንሼ ራሴ ባንኩ ሄጄ ከፈልኩና የዕዳ ነፃ ደብዳቤው ሲወጣ ቀሪውን ሰጠሁ። ሻጩ ትንሽ ተቀየመ። ይቀየም። ኮንዶሚኒየሙን መሸጥ የሚከለክለው የአምስት ዓመት ጊዜ መሙላቱንም አረጋግጡ፤ ሳይሞላ መሸጥ አይቻልም።

በመጨረሻ፣ ብሩን አሟጣችሁ ለሻጭ አትስጡ። ለጥገና 30,000 ይበቃል ብዬ 88,000 አወጣሁ። ቤቱን ያየሁት ቀን፣ ውኃ በሌለበት ሰዓት ነው። ቁልፍ በተረከብኩ በሳምንቱ ማታ ውኃ ሲመጣ የሻወሩ ስር ፈነዳ። ሠራተኛው «መርካቶ ኦሪጅናሉን ግዛ» ብሎኝ 4,500 የከፈልኩበት ቧንቧ በሦስተኛው ወር አንገቱ ላይ ተሰነጠቀ፤ ውስጡ ሲታይ ከላይ ብቻ ኒኬል የተቀባ ፕላስቲክ ነው። ወለሉን አስነቅዬ፣ ሴራሚኩን አስፈርሼ፣ መስመሩን በሙሉ አስቀየርኩ። ስለዚህ ቤት ልታዩ ስትሄዱ ውኃ በሚመጣበት ሌሊት ሂዱ፤ ሁሉንም ቧንቧ ክፈቱ፤ ከዚያ ወርዳችሁ የታችኛውን ጎረቤት «ኮርኒስህን እይልኝ» በሉት። የእኔዋ ጎረቤት፣ መስመሩ ከተቀየረ ስምንት ወር ቢያልፈውም፣ ባልዲዋን ከኮርኒሱ ስር እስካሁን አላነሳችም።