ቤታችንን ፈትተው ለላኩልን አናጢ

ይህን የምጽፈው ከድሬዳዋ ነው። ከአዲስ አበባ ከተነሣን ሦስት ሳምንት ሆነን። እንቁጣጣሽን እዚሁ አከበርን። ቡፌው ቦታውን ይዟል፣ የቁምሳጥኑ በር በደንብ ይዘጋል፣ የእናቴ ምጣድም እንጀራ እየጋገረ ነው። ለዚህ ሁሉ የማመሰግናቸው አንድ አናጢ አሉ። ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለጠየቁኝ «ጋሼ» እያልኩ እቀጥላለሁ። ስልካቸውን ለሚፈልግ ግን በውስጥ መስመር እሰጣለሁ፤ ይህን ፈቅደውልኛል።

ባለቤቴ ሰኔ መጨረሻ ላይ ወደ ድሬዳዋ ተዛወረ። ሥራ መጀመር ስለነበረበት ቀድሞን ሄደ። እኔ፣ ሁለቱ ልጆቻችንና እናቴ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ልንከተለው ተስማማን። ትምህርት ሳይጀመር ልጆቹ አገሩን እንዲለምዱ ብለን ነው። ስንወስን ሁለት ወር ብዙ መስሎኝ ነበር። የመጨረሻዎቹ ሦስት ሳምንታት እንዴት እንዳለፉ ግን እስካሁን አላውቀውም። ጠዋት የልጆቹን መሸኛና ሪፖርት ካርድ ፍለጋ ትምህርት ቤት፣ ከዚያ ለመታወቂያ መሸኛ ወረዳ፣ ከዚያ የመብራትና የውሃ ሒሳብ መዝጋት፣ ማታ ደግሞ ዕቃ መለየት። በመሀል የእናቴ እድር አለ። ሃያ ዓመት የከፈለችበት እድር ነው። «ሩቅ ብሆንም ወርሃዊዬን እልካለሁ፣ ስሜን አትሰርዙ» ብላ ለማሳመን ሁለት እሁድ ፈጀባት። ፍልሰታም ስለነበር ከቅዳሴ የምትመለሰው ከሰዓት ነው። ቡሄ ማታ ትንሹ ልጄ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ለመጨረሻ ጊዜ ሆያ ሆዬ ብሎ ገባ። እኔ ያን ጊዜ ካርቶን እያሸግሁ ነበር። ወጥቼ ሳላየው ቀረሁ፤ ዛሬም ይቆጨኛል።

ትልቁ ጭንቀቴ ግን የቤት ዕቃው ነበር። ምክንያት አለኝ። ከአራት ዓመት በፊት እዚያው አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ስንቀይር ዕቃችንን ያነሱት ሰዎች ቁምሳጥኑን ሳይፈቱ እየጎተቱ አወጡት። አንድ እግሩ ተሰበረ፣ አንዱ በር ከነማጠፊያው ተገነጠለ። መንገድ ላይ ደግሞ መኪናውን አቁመው «ካልጨመራችሁ አናወርድም» አሉን። ያ ከሰፈር ሰፈር ነው። አሁን የምንሄደው ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ያውም በክረምት።

ጋሼን የጠቆመችኝ ጎረቤቴ ናት። «መኪና ከመፈለግሽ በፊት እሳቸው ይዩልሽ» አለችኝ። አንድ ቅዳሜ ከሥራ ወጥተው፣ ልብሳቸው ላይ ሰጋቱራ እንዳለ መጡ። ክፍሎቹን ሁሉ ቀስ ብለው ዞሩ። ዕቃውን እያንኳኩ፣ ከኋላው እያዩ። ከዚያ ቁጭ ብለው፣ «ልጄ፣ መፈታት ያለበት አለ፣ እንዳለ መሄድ ያለበትም አለ» አሉኝ።

ቁምሳጥናችን ችፑድ ነው። ችፑድ ላይ ብሎን በወጣና በገባ ቁጥር ቀዳዳው ይላላል፤ በመጨረሻ ጭራሽ አይዝም። ስለዚህ ጋሼ የፈቱት ግዴታ የሆነውን ብቻ ነው። ድሮ የላሉትን ቀዳዳዎች ደግሞ ቀጭን እንጨት በኮላ ነክረው ሞሏቸው። «እዚያ ስትገጥሙት አዲስ ሆኖ ይይዛል» አሉ። እውነትም ያዘ። ያ ከአራት ዓመት በፊት የተገነጠለው በር ሁሌ ያዘነብል ነበር፤ አሁን ቀጥ ብሏል።

ዋጋውን ዕቃ በዕቃ ቆጥረው ወረቀት ላይ ጻፉልኝ። ቀብድ የጠየቁት የጣውላና የኮላ መግዣውን ብቻ ነው። የገዙበትን ደረሰኝ ሳልጠይቃቸው አመጡልኝ። በመጨረሻው ቀን የተቀበሉኝም ያንኑ የጻፉትን ነው፤ አንድ ብር አልጨመሩም።

የቡፌው ነገር ግን ለብቻው ነው። ቡፌያችን የዋንዛ ነው። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እኔ ሳልወለድ ያሠራው ነው። ማን እንደሠራው አናውቅም። ጋሼ ከጀርባው ያለውን ኮምፔርሳቶ ካነሱ በኋላ ሥራ አቁመው ጠሩኝ። በስልካቸው ባትሪ አብርተው አሳዩኝ። መጋጠሚያዎቹ ላይ በእርሳስ ቁጥር ተጽፏል። ፩፣ ፪፣ ፫ እያለ እስከ ፲፬ ይሄዳል። በአንዱ እንጨት ላይ ያለው ቁጥር በሚገጥመው እንጨት ላይም አለ። «ይሄን የሠራው ሰው አንድ ቀን ተፈትቶ እንደሚሄድ አስቦበታል» አሉ። ዋናው አካሉ ላይ አንድም ምስማር የለም። የተያዘው በሽብልቅ ነው። ሽብልቆቹን ለማውጣት መዶሻውን በጨርቅ ጠቅልለው በቀስታ ነው የመቱት። ግማሽ ቀን ፈጀባቸው። አንዱም አልተሰነጠቀም።

በዚያ ላይ የራሳቸውን ምልክት አልጻፉበትም። «በእሱ ቁጥር እንሂድ» አሉ። እናቴ መጥታ ቁጥሮቹን በጣቷ እየዳሰሰች ብዙ ቆየች። በዚያ ሁሉ ዓመት እሷም አይታቸው አታውቅም።

ልጆቼን ሥራ የሰጧቸውም እሳቸው ናቸው። እስከዚያ ድረስ ልጆቹ እግር ሥር እየገቡ፣ እኔም እየተቆጣሁ ነበር። ለአሥራ ሦስት ዓመቷ ልጄ ደብተር አስይዘው፣ የሚፈታውን ሁሉ እንድትመዘግብ አደረጉ። «ቁምሳጥን፣ የቀኝ በር፣ 6 ብሎን፣ ፌስታል ቁጥር 4።» እንዲህ እያለች። የቡፌው ተራ ሲደርስ የግዕዝ ቁጥር አታውቅም ነበር። አያቷ ግድግዳ ላይ ካለው የቀን መቁጠሪያ አስተማረቻት። ትንሹ ብሎን ቆጥሮ ፌስታል ውስጥ ይከታል፣ አፉን በስኮች ይዘጋል። ካቻቢቴ ያዥም እሱ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲያ «አልሄድም» ማለቱን ተወ። እኔ በስንት ምክር ያልቻልኩትን ነው።

ምጣዱን በተመለከተ ዕቃ ለምትጭኑ ሁሉ ልንገራችሁ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሸክላው መንገድ አይችልም። ጋሼ ከቁርጥራጭ ጣውላ ሣጥን ሠርተው፣ ከሥሩም ከላዩም የጤፍ ጭድ ጠቀጠቁበት። ክዳኑንም ሳያጠብቁ አሰሩት። መኪናው ላይ ቦታው ከፍራሾቹ በላይ ሆነ። መስታወት፣ የቡፌውንም ጨምሮ፣ ቆሞ እንጂ ተጋድሞ አይጫንም፤ ይህንንም ከእሳቸው ነው የተማርኩት።

የጭነቱ ዕለት የእሳቸው ሥራ አልነበረም። ሥራቸውን ከዚያ ሁለት ቀን ቀደም ብለው ጨርሰዋል። ግን ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ከረዳታቸው ጋር በር ላይ አገኘኋቸው። ከሰፈሩ ጫኞች ጋርም ዋጋውን በዋዜማው ተነጋግረው ጨርሰውልኝ ነበር። ስለዚህ ጭቅጭቅ የለም፣ ሁሉም እየሳቀ ነው የጫነው። አይሱዙው ወለል ላይ መጀመሪያ ጣውላ አስደረደሩ፣ ውሃ ቢገባ ዕቃው እንዳይነካ። ከባድ ከባዱን ወደ ጋቢናው አስጠጉ። ፍሪጁ ቆሞ ታሰረ። ሸራው ሁለት ድርብ ሆነ። እኔ አንድ ይበቃል ብዬ ነበር።

ጭሮ አካባቢ ዶፍ ወረደብን። እኛ በሌላ መኪና ከኋላ ነበርን። ሸራው ላይ ውሃው ሲንቆረቆር እያየሁ እናቴ ገብርኤልን ትለምናለች። ቁልቢን አልፈን የደንገጎን ቁልቁለት ስንወርድ ዓይኔን ከገመዱ ላይ አልነቀልኩም። ገመዱ ንቅንቅ አላለም። ድሬ ደርሰን ሸራው ሲነሣ አንድም ዕቃ አልረጠበም። የተሰበሩት ሁለት ሲኒዎች ብቻ ናቸው። እነሱም እኔ በጥድፊያ የጠቀለልኳቸው ናቸው፤ ጋሼ እጃቸው የለበትም።

ገና ዕቃው ሳይወርድ ስልክ ደወሉ። «ፍሪጁን ዛሬ እንዳትሰኩት፣ ዘይቱ ይርጋ፣ ነገ ጠዋት ይሁን» አሉ። በማግሥቱ ባለቤቴና ልጄ ደብተሩን ይዘው ቡፌውን መግጠም ጀመሩ። ፱ ቁጥር ላይ ተቸገሩ። ቪዲዮ ደውለን አሳየናቸው። እሁድ ነበር፣ ከቤተሰብ ጋር ምሳ ላይ ናቸው። እጃቸውን ታጥበው መጥተው እስኪያልቅ ድረስ አብረውን ቆዩ።

አንድ ነገር ደግሞ አስጠነቀቁን። ድሬ ሞቃትና ደረቅ ስለሆነ እንጨቱ እርጥበቱን እየለቀቀ ይኮማተራል። «ፀሐይ በሚገባበት መስኮት አጠገብ አታስቀምጡት፣ ቬንቲሌተርም ፊት ለፊት አይንፋበት። ሁለት ሳምንት ቆይታችሁ ሽብልቆቹን በጨርቅ በተጠቀለለ መዶሻ መታ መታ አድርጓቸው።» ባለፈው እሁድ ባለቤቴ ሲያያቸው ሁለቱ ላልተው አገኛቸው። ፭ እና ፲፩። መታ መታ አድርጎ አጠበቃቸው። ጋሼ ባይነግሩን መጋጠሚያው እስኪከፈት አናውቅም ነበር።

ከአዲስ አበባ ወደ ሌላ ክልልም ሆነ እዚያው ከተማ ውስጥ ቤት የምትቀይሩ፣ በተለይ የወላጆቻችሁ የሆነ አሮጌ ዕቃ ያላችሁ፣ መኪና ከመከራየታችሁ በፊት እሳቸውን ጥሩ። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ ንገሯቸው፤ የያዙትን ሥራ ለሌላ ሰው ብለው አያቋርጡም። ማዳበሪያና ካርቶን ከእናንተ ነው። ጣውላ ካላችሁ አትጣሉ፣ ይጠቅማቸዋል። ልጆች ካሏችሁም ደብተር አዘጋጁላቸው።

ጋሼ፣ ይህን ልጅዎ እንደሚያነብልዎት ነግረውኛል። እግዚአብሔር ይስጥልን። እናቴ «ለጥምቀት መጥቶ ቡናዬን ካልጠጣ አልተወውም» እያለች ነው። አልጋም አለ፣ ቡፌውም ይጠብቅዎታል።