በ55-250 ሌንስ እስስት ፍለጋ ሀረጎ ላይ

ደሴ ውስጥ ሠርግ ነው የማነሳው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሥራው ይቀዘቅዛል። ያን ጊዜ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ታክሲ ይዤ ሀረጎ የሚባለው ዳገት ላይ እወርድና ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ እዞራለሁ። እጄ ላይ ያለው የካኖን 55-250 ኤስቲኤም ሌንስ ነው፤ ከ55 እስከ 250 ሚሊ ሜትር የሚዞር፣ ሩቁን የሚያቀርብ ዙም። ያገለገለ ነው የገዛሁት። ሁለት ዓመት ሆነኝ፤ በጣም ወድጄዋለሁ።

ክብደቱ 375 ግራም ነው። ሀረጎን ዳገት የወጣ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ዋናው ነገር ግን መቅረቡ ነው። 250 ላይ ሆኖ እስከ 85 ሳንቲ ሜትር ድረስ ፎከስ ያደርጋል። በፊት የነበረኝ 75-300 ሌንስ ከ1.5 ሜትር በታች እምቢ ይል ነበር። ለሠርግ ልዩነቱ ምንም አይደለም፤ ለእስስት ግን ሁሉም ነገር ነው።

መጋቢት ላይ አንዲት እስስት ቁልቋል አጥር ላይ አገኘሁ። የሌባ ጣቴን ታህላለች። እስስት ሲጠጓት አትሮጥም፤ ቅርንጫፉን ዞራ በጀርባው ትደበቃለች። አንድ ከብት ጠባቂ ልጅ መጥቶ «ጋሼ፣ እንዳይነኳት! ትናከሳለች!» አለኝ። «አልነካትም፣ አንተም ዝም በል» ብዬው ተንበረከክሁ። ፍላሹን 1/16 (ከሙሉ ኃይሉ አንድ አሥራ ስድስተኛ) ላይ አደረግሁ፤ ፊቱ ላይ ነጭ ወረቀት በላስቲክ አስሬበታለሁ። የመዝጊያው ፍጥነት 1/200 ሰከንድ፣ የሌንሱ ቀዳዳ ኤፍ 8፣ የብርሃን ስሜቱ አይኤስኦ 400። በኔ ካሜራ ከ1/200 ካለፍኩ የምስሉ አንድ ጎን ጥቁር ሆኖ ይቀራል።

ስክሪኑ ላይ አጉልተን አየናት። ዓይኗ እንደ ትንሽ ጉልላት ወጥቶ፣ ሙሉ በሙሉ በቅርፊት ተሸፍኖ፣ መሐሉ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ክፍተት ብቻ አላት። በዚያች ክፍተት ውስጥ የወረቀቴ ነጭ አራት ማዕዘን ይታያል! ጥራት ያለው ቦታ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ አፍንጫዋ እንኳ ደብዝዟል። ልጁ «ያረቢ!» ብሎ ካሜራውን ከእጄ ሊወስደው ምንም አልቀረው።

ፍላሽ ሌላም ነገር አሳይቶኛል። ራስ ክምር አበባ ላይ የምትመጣ፣ በተከዜ ወንዝ ስም የምትጠራ ሰንበርድ (የአበባ ማር የምትጠጣ ትንሽ ወፍ) አለች። ወንዱ ጥላ ውስጥ ሲሆን ጥቁር ነው የሚመስለው። ብርሃን ከፊት ሲመታው ደረቱ ሐምራዊ ሆኖ ያበራል። ቀለሙ የሚወጣው ብርሃን ላባው ላይ ሲነጥር ስለሆነ ማዕዘኑ ወሳኝ ነው። ጎጆ ላይ ያለ ወፍ ላይ ግን ፍላሽ አልተኩስም። ማንም ባያደርገው ደስ ይለኛል።

የሚያስቸግረውም አለ። 250 ላይ ቀዳዳው ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም፤ ብዙ ብርሃን አያስገባም። የጦሳ ተራራ ጉም ሲለብስ ያለ ፍላሽ ሩቅ ያለ ወፍ ከባድ ነው። ካሜራው ላይ የሚታሰርበት ቀለበት ፕላስቲክ ነው፤ ዝናብም አይችልም። ስለዚህ ሐምሌና ነሐሴን ቤት ነው የሚያሳልፈው። በካሜራው የራሱ ፍላሽ ቀርባችሁ የምታነሱ ከሆነ ደግሞ የሌንሱን ኮፍያ (ጫፉ ላይ ዙሪያውን የሚገጠመውን የብርሃን መከላከያ) አውልቁት፤ አለዚያ ጥላው የምስሉን ታች ይበላዋል።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ካሜራ ይዛችሁ ሂዱ። የፎከስ ቀለበቱ በኤሌክትሪክ ስለሚሠራ ካሜራው ካልበራ ብታዞሩትም ምንም አይነግራችሁም። አብሩና 250 ላይ የሌላ ሰው ጣት ጫፍ በ85 ሳንቲ ሜትር አንሱ። የጣት አሻራው መስመር ጥርት ብሎ ከታየ ውሰዱት።